ሞተሩ ይዞራል፣ ካንዴላው ግን ብልጭታ የለውም

ልጆቼ የሚነዱት ባለ 110 ሲሲ፣ በቻይና የተሠራ ትንሽ ባለአራት ጎማ ሞተር ከክረምቱ ዝናብ ወዲህ አልነሳ ብሏል። ፍሬኑን ይዤ የማስነሻውን ቁልፍ ስጫን ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ ያዞረዋል፤ ባትሪውም ሲለካ 12.6 ቮልት ነው። የቆየውን ቤንዚን ቀይሬ ካርቡራተሩን አጥቤያለሁ፤ ይሁን እንጂ አዲስ ካንዴላ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቼ ሳዞረው ምንም ብልጭታ ስለማይታይ፣ ችግሩ ከነዳጅ ነው ብዬ አላምንም። የማጥፊያው ቁልፍ ዘግቶት እንደሆነ ብዬ ወደ ሲዲአዩ (ብልጭታውን በሰዓቱ ወደሚያስነሳው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) የሚሄደውን ሽቦውን ነቅዬ ሞክሬያለሁ፤ ቦቢናውንም (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ጥቅል) ከደህና ሞተር አውጥቼ ገጥሜ አይቻለሁ፤ ለውጥ የለም።

አንድ መካኒክ ሲዲአዩ ይቀየር ብሎኛል። ነገር ግን በመልክ ከሚመሳሰሉት ሲዲአዮች ከፊሎቹ ኃይል የሚያገኙት ከባትሪው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው የማግኔቱ ጥቅል ሽቦ በመሆኑ፣ ሳይለኩ መግዛት (ዋጋውም ቀላል አይደለም) ገንዘብ መጣል ነው። በእጄ ያለው ተራ መልቲሜትር ብቻ ነው። ሞተሩን በሞተሪኖው እያዞርኩ በሲዲአዩ ሶኬት ላይ የትኞቹን ሽቦዎች ብለካ፣ የተበላሸው ሲዲአዩ ይሁን የማግኔቱ ጥቅል ለይቼ ማወቅ እችላለሁ?