የከፈልኩበት የድጎማ ዩሪያ ማዳበሪያ ግማሹ ቀረብኝ

ሰላም፣ ሞረትና ጅሩ ነኝ። 1 ሄክታር መረሬ (ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር) መሬት ላይ ስንዴ ዘርቻለሁ። ግማሹ መሬት በእኔ የይዞታ ደብተር፣ ግማሹ በሟች አባቴ ደብተር ላይ ነው፤ የውርስ ዝውውሩ ገና አላለቀም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ሙሉውን በእኔ ስም መዝግባ 2 ኩንታል ዩሪያ ጠየቀችልኝ፤ ሙሉ ዋጋውን ከፍዬ የባንክ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። ማከፋፈያው ላይ ግን ዝርዝሩ ግማሽ ሄክታር ስለሚል ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት ብቻ ሰጡኝ። ቀበሌ «ወረዳ ጠይቅ» አለ፣ ወረዳው «ዝርዝሩ ከቀበሌ ነው የሚመጣው» ብሎ መለሰኝ። ስንዴው ከሥሩ መባዛት ጀምሯል፤ ሁለተኛው ዙር ዩሪያ የሚጨመረው አሁን ነው፣ መረሬው ውኃ ከቋጠረ በኋላ ቢበተን ይባክናል። ከነጋዴ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። የውርሱ ደብተር ሳይወጣ፣ በደረሰኙና በልማት ሠራተኛዋ የምዝገባ ቅጽ ብቻ ቀሪውን 1 ኩንታል ያወጣ ሰው አለ? ማንን አስፈርሞ?