ስኩዊድ ራሙን ጨርሶ ይሞትብኛል፤ ሜሞሪ ሊክ ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኔትወርክ ላይ ነው የምሠራው። የስኩዊድ ፕሮክሲያችን (የተማሪዎቹን ኢንተርኔት የሚያስተላልፍና የታዩ ገጾችን ቅጂ፣ ማለትም ካሽ፣ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር) ሰርቨር 8 ጊጋ ራም አለው። «ካሽ ሜም» (ራም ላይ ለሚቀመጡ ቅጂዎች የሚመደበው) 4 ጊጋ፣ ለዲስክ ካሽ ደግሞ 200 ጊጋ ሰጥቼዋለሁ፤ ዲስኩ ሞልቷል። በአራት በአምስት ቀኑ ራሙ ያልቅና ሊኑክስ ራሱ ስኩዊድን ይገድለዋል። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎች ኦንላይን ፈተና ላይ ሳሉ ጠፋ። ልጆቹ ደንግጠው እያዩኝ ነው ያስነሳሁት፤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አሁን በየሌሊቱ ሪስታርት እንዲሆን አድርጌዋለሁ፤ ግን በዚህ መኖር አልፈልግም። አንድ ያልገባኝ ነገር፦ ሪስታርት ካደረገ በኋላ ገና ማንም ሳይጠቀም ወደ 3 ጊጋ ይይዛል። ሜሞሪ ሊክ (የጨረሰበትን ራም ሳይመልስ መቅረት) ከሆነ ከየት ነው የሚያፈሰው?

መልስ 1፦
እኔ «ሜሞሪ ፑልስ»ን (ስኩዊድ የተለቀቀ ራም ለሌላ ጊዜ ይዞ የሚያቆይበትን ሴቲንግ) ኦፍ ሳደርገው ትንሽ ቀንሶልኛል። ሞክረው።

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ሊክ ቢሆን ከሪስታርት በኋላ ከታች ይጀምር ነበር። ያ 3 ጊጋ የዲስኩ ማውጫ ነው። ስኩዊድ ዲስክ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፋይል ራም ላይ ይመዘግባል፤ በ64 ቢት ማሽን ለ1 ጊጋ ዲስክ 14 ሜጋ ገደማ ይፈጃል። 200 በ14 ስታባዛው 2,800 ሜጋ። 4 ጊጋውን ደምርበት። ሊኑክስና የተማሪዎቹ ኮኔክሽን በምን ይኑሩ? «ካሽ ሜም» የስኩዊድ ጠቅላላ ጣሪያ አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ወደ 1 ጊጋ አውርደው። የሌሊቱን ሪስታርት ደግሞ አጥፋው፣ ምልክቱን እየደበቀብህ ነው። በየሰዓቱ የያዘውን ራም መዝግብ። ወጥቶ ወጥቶ ከቆመ ካሽ ነው። ካልቆመ ከካሽ ማኔጀሩ (የስኩዊድ የራሱ ሪፖርት ማሳያ) የ«ሜም» ገጹን ጠዋትና ማታ አውጥተህ አስተያይ። ሌሊት ሰው ሳይኖር ቁጥሩ የማይወርድ ፑል (ለአንድ ዓይነት ዳታ የተያዘ ራም) ካለ፣ ያኔ ሊክ እንበለው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አወረድኩት። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፣ ሪስታርት አላየም። ሦስተኛው ቀን ላይ 4.3 ጊጋ ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ እዚያው ነው። ሰኞ ሌላ ፈተና አለ። መመዝገቤን አላቆምኩም።