የብስክሌት ጉዟችን የት ይሁን? ለማኅበራችን ሥራ አመራር የሚቀርብ የጋራ ዕቅድ

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ክሮይደንም ቶተንሃምም ሃክኒም፣ በየለንደኑ ሰፈር ላላችሁ። ዘንድሮ ከለንደን ወጣ ብለን ገጠሩን በብስክሌት እንይ ተባብለን ነበር። እስካሁን ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ ሰሪ ውስጥ ያለው ቦክስ ሂል ነው፤ የ2012 ኦሊምፒክ የብስክሌት ውድድር ያለፈበት ዳገት። ሁለተኛው ኬንት ውስጥ ከካንተርበሪ እስከ ዊትስታብል ባሕር ዳር የሚወስደው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስተኛው ከብሪስቶል ወደ ባዝ የሚሄደው የድሮ ባቡር መንገድ። የምናስገባው አንድ ማመልከቻ ስለሆነ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው።

የክሮይደኑ፦
ቦክስ ሂልን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ቅርብ ነው፣ የባቡሩም ዋጋ አይከብድም፣ ጫፉ ላይ ስትደርሱ የሚታየው አገር ደግሞ ድካም ያስረሳል። ዳገቱን ቀስ ብሎ የሚወጣው ሰው ይወጣዋል።

የቶተንሃሟ፦
ወንድሜ፣ እኔን ቁጠረኝና እንደገና አስብበት። ዕድሜዬ 46 ነው፤ እስከዚህ ዓመት ድረስ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሰፈር ውስጥ ወንድሞቼ በሰዓት እየተከራዩ ሲነዱ እኔ ከበር ቆሜ አይ ነበር፤ ሴት ልጅ ሳይክል ላይ አትወጣም ይባላላ። በሚያዝያ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ለአዋቂ በነፃ የሚሰጠውን ሥልጠና ጀመርኩ። አሠልጣኟ መጀመሪያ ፔዳሉን ሁለቱንም ፈታችና ኮርቻውን ዝቅ አደረገችው። በእግርሽ መሬቱን እየገፋሽ ተንሸራተቺ አለችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ሕፃን ስገፋ ቆየሁ። በሁለተኛው ቀን ፔዳሉ ተመለሰና ከአንዱ ዛፍ እስከ ሌላው ዛፍ እግሬ መሬት ሳይነካ ሄድኩ፤ ወርጄ አለቀስኩ። አሁን እንደኔ የሚማሩ አራት እህቶች አሉ። ቦክስ ሂል ከሆነ አምስታችንም እንቀራለን።

የክሮይደኑ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ይቅርታ። አላሰብኩትም ነበር። ሐሳቤን አንስቻለሁ።

ጋሼ (የማኅበሩ ሽማግሌ)፦
ልጆቼ፣ እኔ ብስክሌት አልነዳም፤ ግን ባዝ ከሆነ በባቡርም ቢሆን እመጣለሁ። ጃንሆይ ከጣልያን ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት ባዝ ነው፣ ፌርፊልድ ሃውስ በሚባለው ቤት። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ አረጋውያን ይጠቀሙበት ብለው ለከተማው ሰጡት። ብዙዎቻችሁ እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖራችሁ ደጃፉን አልረገጣችሁም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ያ ቤት ታሪካችን ነው።

የሃክኒው፦
ጋሼ ያሉትን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም መንገዱ ራሱ እዚያ ያደርሰናል። ሁለት ጊዜ ነድቼዋለሁ፤ የባዝ ጫፉ የሚያልቀው ኒውብሪጅ ሰፈር ነው፣ ፌርፊልድ ደግሞ እዚያው ከፍ ብሎ ኬልስተን መንገድ ላይ። የመጨረሻው ዳገት ነው፤ እዚያ ላይ ወርደን እንገፋለን።

መንገዱ በጠቅላላ 21 ኪሎ ሜትር ነው። የመንገደኛ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1966 ቆመ። ከ1979 ጀምሮ ደግሞ ብሪስቶል ላይ የተሰባሰቡ ብስክሌተኞች በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ሐዲዱ የነበረበትን አስተካክለው በ1986 ጨረሱት። የእንፋሎት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም፤ ስለዚህ መንገዱ ሲሠራ ኮረብታው ተቆርጦ፣ ጎድጓዳው ተሞልቶ ነው የተስተካከለው። ለዚህ ነው ለጀማሪ የሚሆነው። መኪና የለም፣ አስፋልት ነው። ከብሪስቶል ስትወጡ ለረጅም ጊዜ በቀስታ ከፍ ይላል፣ ስቴፕል ሂል ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መብራት ያለው ዋሻ አለ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ባዝ ዝቅ እያለ የኤቨንን ወንዝ ደጋግሞ ያቋርጣል። በሁለቱም በኩል እንጆሪ የመሰለ ጥቁር የዱር ፍሬ አለ፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይበስላል፣ እየቆማችሁ ትለቅማላችሁ።

እና ሐሳቤ ይኸው። ለሁለት እንከፈል። የለመድነው ብስክሌታችንን በባቡር ይዘን ብሪስቶል እንውረድና ሙሉውን እንንዳ። ጀማሪዎች ባዝ ወርዳችሁ እዚያው ተከራዩና ወደ ቢተን ንዱ፤ ከባዝ ጫፍ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢተን ጣቢያ ላይ በጎ ፈቃደኞች የሚያንቀሳቅሱት የእንፋሎት ባቡር አለ፣ ሻይ ቤትም ሽንት ቤትም አለው። ምሳ እዚያ አብረን በልተን ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ባዝ እንመለሳለን።

የቶተንሃሟ፦
በዚህ ከሆነ አለሁ። ፍርፍር በየሰዉ ዕቃ አድርጌ እይዛለሁ፣ ቆሎም አለ።

ገንዘብ ያዡ፦
ሳጥን ውስጥ ለጉዞ የተያዘው 400 ፓውንድ ነው። ለሁሉም ሰው ባቡር ከከፈልን ያልቃል። የኔ ሐሳብ ገንዘቡ ለጀማሪዎች የብስክሌት ኪራይና ለልጆች ሄልሜት ይዋል፣ ባቡሩን እያንዳንዱ ይክፈል። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሆነን አንድ ላይ ከገዛንና ከጥድፊያ ሰዓት ውጪ ከተጓዝን ሲሶው ይቀነሳል። ብስክሌት ይዛችሁ የምትጓዙ ደግሞ ከትኬቱ ጋር የብስክሌት ቦታም ቀድማችሁ ያዙ። በአንድ ባቡር ላይ ያለው ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው።

የክሮይደኑ፦
ስለ ኪራይ አንድ ነገር ልጨምር። አምና ከአንድ ሱቅ የተከራየሁት ብስክሌት ቁልቁለት ላይ የኋላ ፍሬኑ እምቢ አለኝ። የፊቱን ብቻ ይዤ አጥር ላይ ነው የቆምኩት፤ ክርኔ ላይ ጠባሳው አለ። ሱቁ ውስጥ እያለሁ አንዴ እንኳ ጨብጬ አላየሁትም ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው ከመነሳቱ በፊት ሁለቱን ፍሬን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደፊት ይግፋ፤ ጎማው መዞር የለበትም። ጎማውን በአውራ ጣት ይጫን። ካቴናውን ይይ። እኔ ቀድሜ ባዝ ደርሼ የእያንዳንዱን ጀማሪ ብስክሌት አያለሁ። ብሪስቶልን ትቼዋለሁ፣ ከጀማሪዎቹ ጋር ነው የምነዳው፣ ከሁሉም ኋላ።

አስተባባሪዋ፦
እግዜር ይስጥህ። ቀኑስ? ነሐሴ ውስጥ ፍልሰታ አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ብንለውስ? ጾሙ ተፈትቷል፣ ዕንቁጣጣሽም ገና ነው፣ ምሽቱም ቶሎ አይጨልም።

የሃክኒው፦
ይሁን። ሰዓቱን ግን አደራ በአንድ አቆጣጠር ጻፉት። በፋሲካው ጉዞ 2 ሰዓት ተብሎ ግማሹ ሰው ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት መጣ።

አስተባባሪዋ፦
እሺ። ማመልከቻው ላይ እንዲህ እጽፋለሁ፤ ቅር የሚለው እስከ ሐሙስ ይናገር።

ማኅበሩ የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ባዝ ይጓዛል። መገናኛው ፓዲንግተን ጣቢያ፣ በእንግሊዝ ሰዓት ጠዋት 8፡00፣ ማለትም በአገር ቤት አቆጣጠር 2 ሰዓት። የለመዱት ከብሪስቶል፣ ጀማሪዎች ከባዝ፣ ምሳ ቢተን። ከምሳ በኋላ የሁሉም ፍጥነት በጀማሪዎቹ ልክ ይሆናል፣ ማንም ከፊታቸው አይነዳም። መንገዱ የእግረኛም ስለሆነ ከኋላ ስንደርስ ደወል እንደውላለን፣ ሰው ሲመጣ በነጠላ እንሰለፋለን። ጋሼና ብስክሌት የማይነዱት በባቡር መጥተው ፌርፊልድ ይጠብቁናል። 400 ፓውንዱ ለኪራይና ለሄልሜት።

ለፌርፊልድ ደውሎ ቀኑን የሚያስይዝ ሰው ያስፈልገኛል።

ጋሼ፦
እኔ እደውላለሁ። ይህን ለማንም አትስጪብኝ።

የቶተንሃሟ፦
ከዚያ በፊት ግን እንለማመድ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሊ ወንዝ ዳር እስከ ዋልተም አቢ ልንሄድ ነው፣ አምስታችንም። ሜዳ ነው፣ መኪና የለም። ጠዋት በእንግሊዝ 10፡00፣ ቶተንሃም ሄል ጣቢያ። አንድ ሰው መንፊያና የጎማ መለጠፊያ ይዞ ቢመጣልን።

የሃክኒው፦
እኔ ይዤ እመጣለሁ።