ፉልሜታል አልኬሚስት፦ ማንጋውን ላስመጣለት ወይስ አኒሜው ይበቃል?

ሰናይት ሐ.
ሰላም ቤተሰብ፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ታናሽ ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው፣ ክረምቱን ቤት ነው የሚያሳልፈው፣ ፉልሜታል አልኬሚስትን ልጀምር እያለ ነው። የአክስቴ ልጅ ነሐሴ ላይ ከአሜሪካ ትመጣለች። መጽሐፉን ላምጣለት ብላለች፣ ግን ሻንጣዋን የሚጠብቀው ዘመድ ብዙ ነው። ማንጋውን (የጃፓን ሥዕላዊ መጽሐፉን) በሙሉ ማስመጣት ዋጋ አለው? ወይስ አኒሜውን (ካርቱኑን) ቢያይ አንድ ነው? አኒሜውም ሁለት ዓይነት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ የትኛው እንደሚሻል ንገሩኝ። ታሪኩን ግን አትንገሩኝ፣ አብሬው ልከታተል ነው።

የጎፋው ልጅ
ብራዘርሁድ። ሌላ ጥያቄ ካለ።

አልኬሚስቱ
ሰናይት፣ አንድ አይደለም። ትንሽ ላስረዳሽ።

ማንጋው የሂሮሙ አራካዋ ሥራ ነው፣ ሴት ናት። ከ2001 እስከ 2010 (ሁሉንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) በወርሃዊው ሾነን ጋንጋን መጽሔት ላይ ወጣ፤ 108 ምዕራፍ፣ 27 ቮልዩም። የመጀመሪያው አኒሜ የተጀመረው 2003 ላይ ነው። ያኔ ማንጋው ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ስቱዲዮ ቦንስ እሱን እየጠበቀ መቆም ስለማይችል የራሱን መጨረሻ ሠራ፣ አራካዋም ራሷ የፈለገችው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የ2003ቱ 51 ክፍል አለው፣ መጀመሪያው ማንጋው ነው፣ ከመሀል በኋላ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ክፉዎቹ እንኳን ከየት እንደመጡ የሚነገረው ምክንያት ሌላ ነው።

ብራዘርሁድ የሚባለው ያው ቦንስ 2009 ላይ ከዜሮ ተነስቶ የሠራው ነው። 64 ክፍል፣ ማንጋውን እስከ መጨረሻው ይከተላል። የማንጋው የመጨረሻ ምዕራፍ በጁን 2010 ወጣ፣ የአኒሜው የመጨረሻ ክፍል በጁላይ መጀመሪያ ተላለፈ። ጎን ለጎን ነው የጨረሱት።

ችግሩ ብራዘርሁድ መጀመሪያው ላይ ይሮጣል። 2003 ላይ የታየውን መድገም አልፈለጉም መሰለኝ፣ አንዳንዱን ዘለውታል። የድንጋይ ከሰል ማዕድን ያለባት ከተማ ታሪክ ማንጋው ላይ ሙሉ ምዕራፍ ነው፣ ብራዘርሁድ ላይ ግን በኋላ እንደ ቀልድ ጣል ተደርጎ ያልፋል። የባቡር ጠለፋውም የለም። ስለዚህ የኔ መልስ ማንጋውን አስመጪለት ነው። ታሪኩ በትክክለኛ እርምጃው የሚሄደው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ማክዳ ሜሪላንድ
ሰናይትዬ፣ የአክስትሽ ልጅ ስትገዛ ነጠላ ቮልዩሞቹን እንዳትገዛ ንገሪያት። የእንግሊዝኛው አሳታሚ ቪዝ ሦስት ሦስቱን በአንድ ጠርዞ ያወጣው አለ፣ 27ቱ 9 መጽሐፍ ይሆናል ማለት ነው። ለሻንጣ የሚመቸው እሱ ነው። ደረቅ ሽፋን ያለው ባለ 18ም አለ፣ ሲያዩት ያምራል ግን ይከብዳል፣ ለመንገደኛ አይሆንም። እኔ እዚህ ሠፈራችን ካለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ነው የጨረስኩት፣ ለልጆቼም እንደዚያው።

ቶኪዮ በሌሊት
አታክ ኦን ታይታንን ያስጀምሩት። 34 ቮልዩም ብቻ ነው፣ አኒሜውም አልቋል፣ ከ2013 እስከ 2023።

አልኬሚስቱ
@ቶኪዮ በሌሊት እሷ የጠየቀችው ስለ ሌላ ነው።

ቶኪዮ በሌሊት
ስለማንጋና አኒሜ አይደል እንዴ? እሱም ማንጋና አኒሜ አለው።

ኪሩ 07
እኔን ስሙኝ። ፍላሽ የምታስጭኑ ሰዎች ተጠንቀቁ።

አንድ ቤት ሄጄ ብራዘርሁድን ሙሉውን ስጠኝ አልኩት። ልጁ "አለ፣ 64 ክፍል" ብሎ ጫነልኝ። ከ1 እስከ 64 በሥርዓት ተቆጥሮ ተቀምጧል፣ አንድም አይጎድልም። ማየት ጀመርኩ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ወደድኩት። 51ኛው ላይ ታሪኩ አለቀ። አለቀ ስላችሁ፣ የተለያየው ተለያየ፣ ሙዚቃው መጣ፣ በቃ። ታዲያ ይሄ 13 ክፍል ምንድነው ብዬ 52ን ከፈትኩት። ጦርነት መሀል ነው! የማላውቃቸው ሰዎች ይተራመሳሉ። ፓንዳ ይዛ የምትዞር ትንሽ ልጅ አለች። ሰይፍ የታጠቀች፣ ፀጉሯ ቢጫ የሆነ ጄኔራል ጦር ታዛለች። እነማን ናቸው? ከየት መጡ? ራዝ የተባለው ሆመንኩለስ (ሰው ሠራሽ ሰው) እስከ ትናንት ትንሽ ልጅ ነበር፣ አሁን ትልቅ ሰውዬ ሆኖ ብቅ አለ። እኔ ደግሞ ቆይቶ ይገለጥልኛል እያልኩ እስከ 64 ሄድኩ።

ኋላ ሳጣራ የመጀመሪያው 51 የ2003ቱ ነው፣ ብራዘርሁድ የመጨረሻው 13 ብቻ ነው። ቁጥሩ እንዲሞላለት ቀጣጥሎ ሰጠኝ። ተመልሼ ስሄድ "ያው ፉልሜታል አይደል" አለኝ። የብሩ ነገር ይቅር። የብራዘርሁድን መጨረሻ መጀመሪያውን ሳላይ አየሁት። መጨረሻን እንደ አዲስ የሚያዩት አንዴ ብቻ ነው፣ ያንን ማን ይመልስልኛል?

የጎፋው ልጅ
ኧረ በስመአብ። የቱ ቤት ነው? ስሙን ጥራውና እንወቀው።

ኪሩ 07
ስም አልጠራም። ልጁም እንጀራውን ፍለጋ ነው። ግን ፋይሉን ከፍታችሁ ሳታዩ ከዚያ ንቅንቅ አትበሉ።

ዮኒ የኔታ
ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉንም ፍላሽ ጫኝ አይመለከትም። እኔ የማስጭንበት ቤት አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ልጁ ጨዋ ነው፣ የጎደለ ካለ በራሱ ጊዜ ደውሎ ይነግርሃል። ሰናይት ከፈለገች አድራሻውን በውስጥ መስመር እልካለሁ።

የጎፋው ልጅ
አኒሜ አስጭነህ ታውቃለህ እዚያ?

ዮኒ የኔታ
አኒሜ እንኳን አላስጫንኩም። ለእናቴ የቱርክ ድራማ ነው። ግን ልጁን አውቀዋለሁ።

ጥቁር ካፖርት
በጣም ጥሩ ማስረጃ። ሰናይት፣ ለወንድምሽ የቱርክ ድራማ አስጭኚለት፣ አንድም ክፍል አይጎድልም።

ዮኒ የኔታ
@ጥቁር ካፖርት ስድብ አያስፈልግም። ሰው ሥራውን በሥርዓት ሲሠራ ማመስገን ነውር አይደለም።

ሩት አኒሜ
ተረጋጉ እስቲ። ኪሩ፣ በጣም ነው ያዘንኩልህ፣ እውነቴን ነው። ሌላው እንዳይደርስበት፣ ፍላሹን ከመቀበላችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ።

የመጀመሪያውን ክፍል ክፈቱ። የ2003ቱ የተሠራው ለድሮው ቴሌቪዥን ነው፣ ሥዕሉ ወደ ካሬ የተጠጋ ነው፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይመጣል። ብራዘርሁድ ግን ስክሪኑን ይሞላል። ሁለተኛ፣ ብራዘርሁድ የሚጀምረው በዋና ከተማው ውስጥ በረዶ የሚሠራ አልኬሚስት (ቁስን የሚለውጥ ጠቢብ) ሲያሳድዱ ነው። ያ ሰውዬ ማንጋው ላይ ጭራሽ የለም፣ ለአኒሜው ተብሎ የተፈጠረ ነው። የ2003ቱ ግን በረሃ ላይ ወዳለችው የሊዮር ከተማ ይዟችሁ ይሄዳል። ጃፓንኛውን የምትሰሙ ከሆነ ደግሞ የዋናዎቹ ወንድማማቾች የኤድዋርድና የአልፎንስ ድምፅ በሁለቱም ያው ነው፣ መኮንኑን ሮይ ማስታንግን የሚሠራው ሰው ግን ተቀይሯል። ከዚያ መሀል ላይ አንድ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ክፍል ከፍታችሁ ሥዕሉ አለመቀየሩን እዩ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ልጁ ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ቤት ሂዱ።

ኪሩ 07
ሩትዬ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ።

ማክዳ ሜሪላንድ
ይቺ ልጅ የጠየቀችው ግን ማንጋው ይሻላል ወይ ነው።

ሰናይት ሐ.
እያነበብኩ ነው፣ ቀጥሉ። ግን አንድ ነገር፣ ኒና ማናት? ስለ ፉልሜታል ሰው በጠየቅኩ ቁጥር ሁሉም "ኒናን እስክታያት ጠብቂ" ይለኛል።

የጎፋው ልጅ
አትጠይቂ።

ቶኪዮ በሌሊት
አትጠይቂ።

ሩት አኒሜ
ሰናይት፣ ምንም ሳላበላሽብሽ ልንገርሽ። ያ ክፍል ሲደርስ ከወንድምሽ ጋር ሁኚ። ደም የበዛበት ሆኖ አይደለም። ልጅን የሚያሳዝን ነገር ነው። ብራዘርሁድ ላይ 4ኛው ክፍል ነው፣ ገና ሰዉን ሳትለምዱ ይመጣል። የ2003ቱ ቀደም ብሎ ከልጅቷ ጋር ያውላችኋል፣ ስለዚህ ይበልጥ ያማል። ቪዝ መጽሐፉን ለታዳጊዎች ብሎ ነው ያወጣው፣ ለ14 ዓመት ልጅ ይሆናል። ብቻውን ግን አይየው።

ጥቁር ካፖርት
ቅድም ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን ቁም ነገር ልናገር። ብራዘርሁድ ብራዘርሁድ የምትሉ ሰዎች የ2003ቱን በደንብ አላያችሁትም። ማይስ ሂዩዝን ውሰዱ፣ የትንሿን ልጁን ፎቶ ላገኘው ሁሉ እያወጣ የሚያሳየውን ሰውዬ። የሱ ነገር የሚመጣው ብራዘርሁድ ላይ በ10ኛው ክፍል ነው፣ በ2003ቱ በ25ኛው። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ያ ሁሉ ጊዜ ከሰውዬው ጋር መክረማችሁ ነው። ቤታችሁ ገብቶ የሚወጣ ዘመድ ይሆናል። የስልክ ሳጥኑ ጋ ስትደርሱ ትንፋሽ ያጥራችኋል። ብራዘርሁድ ላይ ጥሩ ሰው ነበር ብላችሁ ታልፋላችሁ።

አልኬሚስቱ
እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ግን 2003ቱ ያንን አገኘና መጨረሻውን አጣ። ከ2003ቱ ቀጥሎ ፊልም አለ፣ 2005 የወጣ፣ እሱን ሳታይ መጨረሻው ራሱ ሙሉ አይሆንም።

ጥቁር ካፖርት
አጣ አትበል። ሌላ ነው። ዋጋ የሚያስከፍል መጨረሻ ነው፣ ለሁሉም ሰው አይመችም።

አልኬሚስቱ
እሺ፣ ሌላ እንበለው። ሰናይት፣ ማንጋው ላይ ለምን እንደምጨቀጭቅሽ አንድ ቦታ ልንገርሽ፣ ማን ምን እንደሚሆን አልነግርሽም።

ቮልዩም 15። እስከዚያ ድረስ የኢሽቫል ጦርነት ሲባል በየጥጉ ስትሰሚ ትቆያለሽ። እዚያ ላይ አራካዋ ዋናውን ታሪክ አቁማ ቮልዩሙን በሞላ ለጦርነቱ ትሰጠዋለች። ስትስቂላቸውና ስትወጃቸው የነበሩት መኮንኖች እዚያ ውስጥ ምን ሠርተው እንደመጡ ታያለሽ። ማንም ከኃላፊነት አያመልጥም። አንዲት ወጣት አልሞ ተኳሽ የምታውቀውን ሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ እዚያ ታገኘዋለች፣ ቆቧን ገለጥ ስታደርግ ፊቷ ገጹን ሞልቶ ይመጣል፣ ዓይኖቿ ቀድሞ የምታውቂያቸው አይደሉም። እዚያ ገጽ ላይ እኔ ቆምኩ። መጽሐፍ ስለሆነ መቆም ይቻላል። ብራዘርሁድ ይህን ሁሉ ባመዛኙ በአንድ ክፍል፣ በ30ኛው ነው የጨረሰው። ጥሩ ክፍል ነው፣ ግን ከ24 ደቂቃ በላይ የለውም። በአገራችን ጦርነት ሲመጣና ሲሄድ ላየ ሰው ደግሞ ያ ቮልዩም ተራ ንባብ አይደለም። ወንድምሽ ዛሬ ባይገባው እንኳን መደርደሪያው ላይ ይቆየው።

ማክዳ ሜሪላንድ
ይሄ እውነት ነው። እኔም ያንን ቮልዩም መልሼ ነው የተዋስኩት።

ደግሞ አኒሜው ላይ የሌለ ነገር አለ። በየቮልዩሙ መጨረሻ አራካዋ አጫጭር ቀልዶች ትሥላለች። ራሷን የምትሥለው መነጽር ያደረገች ላም አድርጋ ነው። የወተት ላም አርቢ ቤተሰብ ልጅ ናት፣ ሆካይዶ ውስጥ ያደገች። ያንን ያህል ካለቀሱ በኋላ ላሟ ስትመጣ ደስ ይላል፣ ልጄ መጀመሪያ እሱን ገልጦ ነበር የሚያነበው።

ሐይፋ 88
ጠያቂዋ ይህንንም ታስብበት፦ ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፣ የእንግሊዝኛውም ትርጉም እንደዚያው ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ልጅ መጀመሪያ ያደናግራል። እኛ እዚህ በዕብራይስጥ ስለተማርን አልከበደንም፣ እናቴ ግን ከኋላ ጀምራ ልታነብልኝ ስትሞክር ትዝ ይለኛል።

የዱባይ ሌሊት
በዓረብኛም ያው ነው፣ እዚህ ያደጉት ልጆች ምንም አይሉም።

ቶኪዮ በሌሊት
አኒሜ ማንጋን ሲያበላሽ ማየት ከፈለጋችሁ ፕሮሚስድ ኔቨርላንድን እዩ። የመጀመሪያው ሲዝን ድንቅ ነው። 2021 ላይ የወጣው ሁለተኛው ግን ጎልዲ ፖንድ የሚባለውን የማንጋውን ትልቅ የታሪክ ምዕራፍ እንዳለ ዘሎት ሄደ። ማንጋው 20 ቮልዩም ነው፣ ለሻንጣም ይቀላል። እሱን አስመጪለት።

አልኬሚስቱ
አሁንም ሌላ ጥያቄ ነው የመለስከው፣ ግን ስለ ሁለተኛው ሲዝን ልክ ነህ።

ብሩክታዊት
እኔ ግን ይሄን ሁሉ ሳነብ የገረመኝ ማንም ስለ ኢንተርኔት አላነሳም። ማንጋ ፕላስ የሚባል አፕ አለ፣ ሕጋዊ ነው፣ ነፃ ነው፣ ለምን እዚያ አያነብም?

ሩት አኒሜ
ብሩክቲ፣ ማንጋ ፕላስ ሹዌይሻ የሚባለው የጃፓን አሳታሚ ነው፣ ዋን ፒስና ናሩቶ እዚያ ናቸው። ፉልሜታል የሌላ አሳታሚ፣ የስኩዌር ኢኒክስ ስለሆነ እዚያ አታገኚውም።

ብሩክታዊት
አመሰግናለሁ፣ እኔ ደግሞ ዋን ፒስን ነበር የምፈልገው።

ዮኒ የኔታ
ሰናይት፣ አድራሻውን ልኬልሻለሁ። አሁን ደውዬ ጠይቄዋለሁ፣ ብራዘርሁድ አለኝ ብሏል።

ኪሩ 07
64ቱም?

ዮኒ የኔታ
64ቱም።

ኪሩ 07
የኔም ልጅ እንዲሁ ነበር ያለኝ።

ሩት አኒሜ
ኪሩ፣ እኔ ጋ ብራዘርሁድ ከ1 ጀምሮ ሙሉው አለ፣ ራሴ አይቼ የጨረስኩት። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት መገናኛ ከመጣህ እገለብጥልሃለሁ። መጨረሻውን ብታውቀውም መጀመሪያው ይገባሃል፣ ያቺ ፓንዳ ከየት እንደመጣችም ታያለህ።

ኪሩ 07
እመጣለሁ። ተባረኪ።

የጎፋው ልጅ
ሩት፣ እኔም ልምጣ? ናሩቶ ሺፑደን አለሽ?

ሩት አኒሜ
አለ። 500 ክፍል ነው፣ ሃርድ ዲስክ ይዘህ ና።