ከቃጠሎ በኋላ ከእንግዳ በሚገኝ ገቢ የሚተዳደር መንደርን በምን እንደግፍ?

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ተቀምጬ እንግዶችን በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ተራሮች የምልክ አስጎብኚ ነኝ። ባለፈው በጋ ፈረስ ከሚያከራዩን መንደሮች በአንዱ አቅራቢያ ያለው አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ በእሳት ተያያዘ። የተቃጠለው አንድ ተዳፋት ብቻ ቢሆንም ወሬው አካባቢው ሁሉ እንደ ጠፋ ሆኖ ስለ ተሰማ፣ ሁለት ቡድኖች ጉዟቸውን ሰረዙ፤ የፈረስ አከራዮቹ፣ የምግብ አብሳዮቹና ማር የሚሸጡልን እናቶች ገቢም በአንድ ጊዜ ቆመ። ከወዳጆቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ልንልክ አስበናል፤ ነገር ግን በጥሬው መላኩ ይጠቅም እንደሆነ ልምድ ያላችሁ ምከሩን።

መልስ፣ ከሜልቦርን፦
ወንድማችን፣ እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 እና በ2020 መካከል በነበረው በጋ አውስትራሊያ ስትቃጠል የካንጋሩ ደሴት ግማሽ ያህሉ በእሳት ተበልቷል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ደቡባዊ ጠረፍ ደግሞ ባለሥልጣናት ጎብኚዎች በሙሉ እንዲወጡ ያዘዙት ከተሞቹ የዓመት ገቢያቸውን በሚሰበስቡበት የዕረፍት ወቅት ስለነበር፣ እሳት ያልነካው ሱቅ ጭምር ባዶውን ቀረ። መንግሥት ለቱሪዝሙ ማገገሚያ 76 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መድቧል። ልቤን የነካው ግን «ኤምፕቲ ኢስኪ» የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ጥሪ ነው፦ የምግብ ማቀዝቀዣ ሣጥናችሁን ባዶውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚያስፈልጋችሁንም እዚያው ከተጎዱት ነጋዴዎች ገዝታችሁ ሙሉት። እኔና ባለቤቴም እሳቱ ወደ ጎዳው የቪክቶሪያ አካባቢ፣ ወደ ምሥራቅ ጊፕስላንድ፣ እንዲሁ ሄደን ነበር፤ ባለ ሱቋ ከገንዘቡ ይልቅ በሩ መከፈቱ እንዳስደሰታት ፊቷ ይናገር ነበር። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ድንበር መዘጋቱ ግን ይህን ጅምር ክፉኛ ጎዳው።

መልስ፣ ከደባርቅ፦
በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ሲቃጠሉ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው አግዘውናል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእኛው ሥራ ነው። በእኛ ዘንድ በቅሎ ጫኝ የሚሠራው በተራ ነው፤ እንግዳ ሲሰርዝ ተራው ይቃጠልበታል። ስለዚህ ያዋጣችሁትን ለአንድ ሰው አትስጡ፤ የተሰረዙት ጉዞዎች ተራ የማን እንደነበር ከመዝገቡ አይታችሁ ለባለ ተራዎቹ ክፈሉ። እንግዶቹንም ጉዞውን ከመሰረዝ ይልቅ እንዲያዛውሩት ጠይቋቸው፤ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነም ቀን ያለበት ፎቶ አያይዛችሁ ላኩላቸው።

መልስ፣ ከጎባ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አስታ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ለጋው ቀንበጥ ግን ገና በማለዳው በከብት ከተጋጠ ማገገሙ ይዘገያል። በባሌ ደግሞ እረኞች ለግጦሽ ሲሉ አስታ ማቃጠላቸው የቆየ ልማድ ነው። እነርሱን በወንጀለኛነት ብቻ ማየት ስሕተት ይመስለኛል፤ ከእንግዳው ገቢ አንዳች ነገር የማይደርሰው እረኛ ተራራውን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ማገዶ ማቅረቡንም ሆነ ድንኳን መጠበቁን ለእረኞቹ ቤተሰቦች ስጡ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገቡን አስመጥቼ አሥራ አንድ ባለ ተራዎች አገኘሁ፤ ክፍያቸው በዚህ ሳምንት ይደርሳቸዋል። አንደኛው ቡድን ጉዞውን ወደ ጥቅምት ለማዛወር ተስማምቷል። የጎባው ወንድማችን ያነሱት የግጦሽ ነገር ግን የእኛንም ፈረሶች ይመለከታል፤ ከዶዶላ ገበያ ጭድ ገዝተን ብናስጭን ለስንት ፈረስ ስንት ሸክም እንደሚበቃ የሚያውቅ ቢነግረኝ ከመስከረም በፊት አዘጋጃለሁ።