ጂማትን ድጋሚ ለምትፈተኑ፦ ገንዘባችሁን የት ብታወጡ ይሻላል?

ጂማት (GMAT) ማለትም የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተፈትኖ ያሰበው ውጤት ያልመጣለት ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «የቱን ኮርስ ልግዛ?» ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ምንም አትግዙ እላለሁ።

ቀድማችሁ ድጋሚ መፈተን የግድ እንደሆነ አጣሩ። ብዙ ሰው አሁንም «700 ካላመጣህ አትልፋ» ይላል። ያ የድሮው ፈተና ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የመጣው አዲሱ ጂማት ከ205 እስከ 805 ነው፣ ውጤቱም ሁልጊዜ በ5 ያልቃል። በአዲሱ 645 ያመጣ ሰው በድሮው 700 ካመጣው ጋር ይቀራረባል። 645 ይዞ አንገቱን የደፋ ልጅ ካያችሁ እባካችሁ ንገሩት።

ድጋሚ መውሰዱ ግድ ከሆነ የውጤት ሪፖርታችሁን በደንብ አንብቡት። በየትኛው የጥያቄ ዓይነት እንደተሳሳታችሁ፣ ሰዓቱም የት እንዳለቀባችሁ ያሳያል። ኮርስ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዘብ ካወጣችሁ የመጀመሪያው ምርጫዬ ከፈተናው ባለቤቶች የሚገዙት የሙከራ ፈተናዎች ናቸው። ስድስት አሉ፣ ሁለቱ ነፃ ናቸው። ድጋሚ የሚፈተን ሰው ነፃዎቹን አብዛኛውን ጊዜ ጨርሷቸዋል፤ እንደገና ቢወስዳቸው ያያቸው ጥያቄዎች እየመጡ ውጤቱን ያሳብጡበታል። ስለዚህ የሚከፈልባቸውን ግዙ።

ሂሳቡ መሠረቱ ከላላባችሁ ታርጌት ቴስት ፕሬፕ የተባለው የኦንላይን ኮርስ ጥሩ ነው። ረጅም ነው፣ ያደክማል፣ ግን ርዕስ በርዕስ ያስጨርሳችኋል። ሁለት ሳምንት ብቻ ለቀረው ሰው አልመክረውም። ማጉሽ የተባለው ሌላ የኦንላይን ኮርስ ቀለል ይላል፤ በቪዲዮ መማር ለሚወድና ሥራ ለሚውል ሰው ይመቻል። ቨርባል (የእንግሊዝኛ ንባብና የማመዛዘን ክፍል) ላይ ለተቸገረ ሰው ከሁሉም በፊት የምጠቁመው የጂማት ኒንጃን የዩቲዩብ ትምህርት ነው። ነፃ ነው፣ አንቀጽን እንዴት ማንበብ እንዳለባችሁም በትዕግስት ያሳያል። ጂማት ክለብ በተባለው የተፈታኞች መወያያ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ለአንድ ጥያቄ ብዙ ዓይነት አፈታት ታገኛላችሁ።

በቴሌግራም የሚዞሩት የድሮ ፒዲኤፎችና አሮጌ መጻሕፍት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሰዋስው የሚያስተካክለው የጥያቄ ዓይነት ቀርቷል። ድርሰቱም ቀርቷል። ጂኦሜትሪ ከሂሳቡ ክፍል ወጥቷል። በምትካቸው ዳታ ኢንሳይትስ የሚባለው፣ ሰንጠረዥና ግራፍ እያነበቡ የሚሠሩበት ክፍል የውጤቱን ሲሶ ይይዛል፤ የኛ ልጆች በብዛት ችላ የሚሉትም እሱን ነው። 20 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሥሩት።

ፈተናውን ቤት ሆኖ በኢንተርኔት መውሰድ ይሻላል ወይስ ፈተና ጣቢያ ሄዶ? መብራትና ኢንተርኔት የማያስተማምን ሰፈር ካላችሁ ጣቢያ ሂዱ። ስትመዘገቡ ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፉ፤ በተለይ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ከፍሎ የሚመዘግባችሁ ከሆነ የአያት ስም እንዳይዘለል።

ወደ ጂአርኢ (GRE)፣ ማለትም ወደ ሌላው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ልቀይር ወይ ለምትሉም፣ ብዙዎቹ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ይቀበላሉ። የጂአርኢ ሂሳብ ካልኩሌተር ይፈቅዳል፣ ጂኦሜትሪ ግን አለው። ቨርባሉ ደግሞ ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ይጠይቃል። የሚያታግላችሁ የጂማት ሂሳብ ከሆነ መሞከሩ ተገቢ ነው። ቃላት ከሆነ ግን እዚያው ጂማት ላይ ቆዩ።

በሁለት ሙከራ መካከል ጂማት 16 ቀን፣ ጂአርኢ 21 ቀን ያስጠብቃል። የጂማት ውጤታችሁን ካያችሁ በኋላ ነው ለማን እንደሚላክ የምትወስኑት፤ ትምህርት ቤቱም ያልላካችሁለትን አያይም። የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ በብዙ ትምህርት ቤቶች መስከረም አካባቢ ስለሚዘጋ፣ ለሌላ ሙከራ ጊዜ እንዲተርፋችሁ ቀኑን ከሐምሌ አታሳልፉ።