ልጄ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ለንደን ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የት ይዝናና?

ጠያቂ፦ የምሥራቅ ለንደን እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ስፓይና ቢፊዳ ከሚባለው የአከርካሪ ችግር ጋር ስለተወለደ እግሮቹ አይታዘዙለትም፤ ከወገቡ በላይ ግን ጠንካራ ነው። የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ዊልቸር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጓደኞቹ ከተማውን እየዞሩ ሊዝናኑ ተቀጣጥረዋል፤ እሱንም ጋብዘውታል። የእሱ ደስታ ልክ የለውም፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለፈው ዓመት ከአክስቱ ልጆች ጋር ወደ አንድ የመዝናኛ ቦታ ወስጄው ነበር። አስቀድሜ ደውዬ ስጠይቅ «ዊልቸር ይገባል» ብለውኛል። እውነትም በሩ ሰፊ ነው፣ መንገዱም የተስተካከለ ነው። መጫወቻው ዘንድ ስንደርስ ግን ከዊልቸሩ ወርዶ ሌላ መቀመጫ ላይ መቀመጥ እንዳለበት፣ ሠራተኞቹም ሰው ማንሳት እንደማይፈቀድላቸው ተነገረን። እኔ ብቻዬን አንስቼ አልችለውም። የአክስቱ ልጆች ከላይ ሆነው ሲጮኹ እሱ የሁሉንም ቦርሳና ጃኬት ጭኑ ላይ ደርድሮ ጠበቃቸው።

ዘመዶቼ «ልጁን አታንገላቺው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጌም ይጫወት» ይሉኛል። ይህን ምክር አልቀበልም። የምጠይቃችሁ ከዚህ በፊት የሞከራችሁትን ነው፦ ገብቶ ከዳር ቆሞ የሚያይበት ሳይሆን በእርግጥ የሚጫወትበት ቦታ የትኛው ነው? መጓጓዣውስ እንዴት ይሁን? አርሰናልን ይወዳል፣ ከፍታ ይወዳል፣ ሲኒማ ይወዳል።

የክሮይደን እናት

እህቴ፣ ሴት ልጄ 17 ዓመቷ ነው፤ በዊልቸር ነው የምትሄደው። «ዊልቸር ይገባል» የሚለው መልስ ስለ በሩ እንጂ ስለ ጨዋታው ምንም አይነግርሽም። ስለዚህ ጥያቄሽን ለውጪው። ከዊልቸሩ ሳይወርድ መጫወት ይችላል ወይ? መውረድ ካለበት መቀመጫው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል? መጫወቻው አየር ላይ ቢቆም ልጁን በምን ታወርዱታላችሁ? ዋናው ጥያቄ ይህ የመጨረሻው ነው። ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘገው መጫወቻ) መሀል መንገድ ላይ ሲቆም ሰዎች በጠባብ ደረጃ በእግራቸው እንዲወርዱ ነው የሚደረገው። አንዳንድ መጫወቻዎች በእግሩ መሄድ የማይችል ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የማይቀበሉት፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ የማይቀበሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስትጠይቂ የዊልቸሩን ወርድና ልጁ ተቀምጦበት ያለውን ክብደት ጨምረሽ ጻፊ፤ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ከባድ ስለሆነ የማይችለው ሊፍት አለ። መልሱን በኢሜይል ተቀበዪ። በር ላይ ያለው ሠራተኛ ሌላ ነገር ሲነግርሽ የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል።

ከዊልቸሩ ሳይወርድ ከፍታ ማየት ከፈለገ ለንደን አይ የሚባለው ትልቅ መንኮራኩር ጥሩ ነው። 135 ሜትር ከፍታ አለው፤ አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሠራተኞቹ መንኮራኩሩን አዘግይተው ወይም አቁመው በራምፕ (በተዳፋት መወጣጫ) ያስገቡታል፤ አብሮት ለሚሄድ አንድ አጋዥ ቲኬቱ ነጻ ነው። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ከሁለት በላይ፣ በጠቅላላው መንኮራኩር ላይ ደግሞ ከስምንት በላይ ዊልቸር አይቀበሉምና ሰዓቱን አስቀድማችሁ ያዙ። ዌስትሚንስተር የባቡር ጣቢያ ሊፍት አለው።

ቼሲንግተን፣ ቶርፕ ፓርክ፣ ሌጎላንድ ዊንዘርና አልተን ታወርስ የሚባሉትን የመዝናኛ ፓርኮች የሚያስተዳድራቸው አንድ ኩባንያ፣ መርሊን ነው። እዚያ ለመሄድ ካሰባችሁ ወረፋ ላይ መቆም ለማይችሉ ሰዎች የሚሰጠውን ፈቃድ ከቤት ሳላችሁ አውጡ፤ የሚመዘገበው ኒምበስ በሚባለው ድርጅት በኩል ነው። ፈቃዱ ሰልፉን በእግር ከመጠበቅ ያድናል እንጂ የሰልፉን ሰዓት አያስቀርም፦ በተነገራችሁ ሰዓት ተመልሳችሁ በሌላ በር ትገባላችሁ። አብረውት የሚገቡት ሰዎች ቁጥርም የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ አምስት ስድስት ጓደኛ ካለው ማን ከእሱ ጋር እንደሚገባ በየተራ ይከፋፈሉ። ሌጎላንድ ዊንዘር ዳገት ላይ ስለሆነ ባትሪ ይጨርሳል።

የአውቶቡስ ሹፌር

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ስለ መንገዱ ልንገርዎ። ልጅዎ በዊልቸር እስከተሳፈረ ድረስ አውቶቡስ በነጻ ነው። ዊልቸሩ ከ70 ሳንቲ ሜትር ወርድና ከ120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አይብለጥ እንጂ ይገባል። በመካከለኛው በር አጠገብ ከውጭ በኩል ሰማያዊ ቁልፍ አለ፤ እሱን ሲጫን እኔ ዘንድ ድምፅ ይሰማል። ተሳፋሪ ወርዶ ካለቀ በኋላ በሩን ዘግቼ ራምፑን አወጣለታለሁ። ሲገባ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ጀርባውን መደገፊያው ላይ አስጠግቶ የዊልቸሩን ሞተር ያጥፋ።

ቦታው በሕፃን ጋሪ ተይዞ ቢያገኘው አይመለስ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ውሳኔ፣ ሹፌሩ አንዴ ጠይቆ እምቢ ሲባል መተዉ እንደማይበቃ ተናግሯል። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እባክዎን ቦታውን ያስለቅቁልኝ» ይበለኝ። ሲናገር ነው የምረዳው፤ በመስታወት ብቻ ሁሉም ነገር አይታይም።

የምድር ባቡሩ ያረጀ ስለሆነ ከ272 ጣቢያዎች ያለ ደረጃ የሚገባባቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ናቸው። በ2022 የተከፈተው የኤልዛቤት የባቡር መስመርና ዲኤልአር የሚባለው ቀላል ባቡር ግን ጣቢያዎቻቸው በሙሉ ከመንገድ እስከ ባቡሩ መቆሚያ ያለ ደረጃ ናቸው። ምሥራቅ ለንደን መኖርዎ በዚህ ረገድ ዕድል ነው። ሊፍት ስለሚበላሽ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የለንደን ትራንስፖርትን ገጽ ይመልከቱ። ባትሪ ቢያልቅ ወይም ቢመሽ ጥቁሩ ታክሲ አለ፤ ሁሉም ዊልቸር ይጭናሉ፣ ስለ ዊልቸሩ ተጨማሪ ማስከፈልም በሕግ ክልክል ነው።

አባት ከሰሜን ለንደን

እኔ ባልስማማ አትቀየሙኝ። የመዝናኛ ፓርክ ዋጋው ውድ ነው፤ ልጁ ደግሞ ከመጫወቻዎቹ ግማሹ ላይ ላይወጣ ይችላል። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምና የሳይንስ ሙዚየም በነጻ ነው የሚገባባቸው፤ ሊፍትም አላቸው፣ ለልጁም ዕውቀት ነው። ሳውዝ ኬንዚንግተን ጣቢያ ደረጃ ስላለው ግን በአውቶቡስ ሂዱ።

በዊልቸር የምሄድ ወጣት፣ 20 ዓመቴ

እናቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ያ የጃኬት ክምር እኔም ጭን ላይ ነበር። ስለዚህ በግልጽ ልናገር።

ጋሼ፣ ያሉት ስለ ዋጋው እውነት ነው። ነገር ግን ሙዚየም ትልልቅ ሰዎች ለእኛ የሚመርጡልን ቦታ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲወጣ ዕውቀት ፍለጋ አይደለም፤ መሳቅ ይፈልጋል፣ ማሸነፍ ይፈልጋል፣ ሆዱ እስኪገለበጥ መፍራት ይፈልጋል። የእኛ ልጅ ሲሆን ለምን ሌላ ነገር እንመኝለታለን?

ለመጀመሪያ ቀን ኖርዝ ግሪኒችን እመክራለሁ። ጣቢያው ሊፍት አለው። ከዚያ ቴምዝን በአየር ላይ የሚያሻግረው የኬብል መኪና አለ፤ በ2012 ነው የተከፈተው፣ ወደ 90 ሜትር ከፍ ይላል። ዊልቸር ላይ እንደተቀመጠ ይገባል፤ ሲጠይቅ ክፍሉን ያቆሙለታል። ከለንደን አይ በጣም ይረክሳል። ማዶ ሲደርስ ሮያል ቪክቶሪያ የዲኤልአር ጣቢያ አጠገቡ ነው።

ኖርዝ ግሪኒች ላይ ያለው ኦቱ የሚባለው ትልቅ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ሲኒማና ቦውሊንግ (ኳስ አንከባልሎ የተደረደሩ ጠርሙስ መሰል ዒላማዎችን የመጣል ጨዋታ) አለ። ቦውሊንግን አደራ እላለሁ። ከጭን ትንሽ ከፍ የሚል የብረት ራምፕ ያመጡልዎታል፤ ኳሱን አናቱ ላይ ያስቀምጡና ራምፑን በጣት ገፋ እያደረጉ ያነጣጥራሉ፤ ከዚያ ኳሱን መግፋት ብቻ ነው። ኳሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ቀጥ ብሎ ግን ይሄዳል። ጉልበተኞቹ ጓደኞቼ ኳሱን ወደ ጎን ሲወረውሩ እኔ ሁሉንም ጠርሙስ ጥዬባቸዋለሁ። እዚያ ማንም አዝኖልኝ አልለቀቀልኝም።

ለሲኒማ ሲኢኤ የሚባለውን ካርድ ያውጡለት፤ የአካል ጉዳት ድጎማ የሚያገኝ ከ8 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በጥቂት ፓውንድ ያገኘዋል፤ አብሮት የሚገባ አንድ ሰው በነጻ ይገባል። ቲኬት ሲቆርጡ የዊልቸር ቦታው ከፊት ነው ከኋላ ብለው ይጠይቁ። ከፊት ከሆነ አንገቱን ቀና አድርጎ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ነው፤ ያኔ ሌላ አዳራሽ ይምረጡ።

ስለ አርሰናል፣ እኔም የዚያው ቤት ሰው ነኝ። የአካል ጉዳተኛ ደጋፊ ሆኖ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ከተመዘገበ በኋላ ለአጋዡ ቲኬት አይከፍልም። የጨዋታ ቀን ቲኬት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ እስከዚያው ስታዲየሙን ማስጎብኘቱ አለ። አርሰናል በሚባለው ጣቢያ አይውረዱ፤ ሊፍት ያለው ፊንስበሪ ፓርክ ነው። ቲኬት ሲገኝ «ፊት ለፊቴ ያሉት ሰዎች ሲነሱ ሜዳው ይታየኛል ወይ?» ብሎ ራሱ ይጠይቅ።

ራሱ ይጠይቅ ያልኩት አውቄ ነው። ኢሜይሉን እሱ ይጻፍ፤ ስልኩንም እሱ ይደውል። የ2010 የእኩልነት ሕግ የአገልግሎት ቦታዎች ተገቢውን ማስተካከያ እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ ይህን ሕግ ስሙን ይወቀው። ከተቻለም እርስዎ ቤት ይቅሩ። ብዙ ቦታ አጋዥ ሆኖ የሚገባው አዋቂ እንዲሆን ስለሚፈልጉ ከእርስዎ ይልቅ አንድ ትልቅ የአክስት ልጅ አብሮት ቢሄድ ደስታው እጥፍ ይሆናል።

ጠያቂ፦ የምሥራቅ ለንደን እናት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ልጄ፣ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። የ19 ዓመት የእህቴ ልጅ አለ፤ እጠይቀዋለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር መጸዳጃ ቤት ነው። ካቴተር (ሽንት የሚያወጣበትን ቱቦ) ራሱ ያስገባል፤ ንጹሕና የሚቆለፍ ቦታ ግን ያስፈልገዋል። አለዚያ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል፤ ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ፊዚዮቴራፒስት

እህቴ፣ ውኃ ሳይጠጣ መዋሉን አትፍቀጂለት፤ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽንን የሚጋብዝ ነው። ራዳር የሚባለውን ቁልፍ ግዢለት፤ በመላው ብሪታንያ የተቆለፉ የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤቶችን በሺዎች የሚቆጠሩ ይከፍታል፤ ዋጋውም ጥቂት ፓውንድ ነው። ራሱን ማዛወር ለማይችልና ተኝቶ መቀየር ለሚያስፈልገው ልጅ ደግሞ ቼንጂንግ ፕሌስስ የሚባሉ ክፍሎች አሉ፦ ማንሻ መሣሪያና የአዋቂ አልጋ አላቸው። ካርታቸው ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ የሌሎች ልጆች እናቶችም ቢያውቁት ብዬ ነው።

ስለ ስፓይና ቢፊዳ ሦስት ነገር ልጨምር። እግሩና መቀመጫው ላይ ስሜት ከሌለው የመጫወቻ ወንበር ፕላስቲክ ቢቆርጠው፣ ፀሐይ ያጋለው ብረት ቢያቃጥለው አይታወቀውም። ስለዚህ ከዊልቸሩ ሲወርድ የራሱ ትራስ አብሮት መቀመጥ ይችል እንደሆነ ይጠይቅ፤ ማታ ደግሞ ቆዳውን በመስታወት ይመልከት። ቀይ ሆኖ የቆየ ቦታ ካለ ያ ቦታ እስኪድን አይቀመጥበት። ሁለተኛ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ የሚያስተላልፍ ቱቦ ካለው ሮለር ኮስተር ከመውጣቱ በፊት ሐኪሙን ጠይቂ። ሦስተኛ፣ ይህ ችግር ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የላቴክስ (ፊኛና ጓንት የሚሠራበት ጎማ) አለርጂ አለባቸው፤ የልደት ፊኛ የሞላበት አዳራሽ ውስጥ ቢያሳክከው ወይም መተንፈስ ቢቸግረው ወዲያው ይውጣና እርዳታ ይጠራ። የእህትሽ ልጅም ይህን ይወቅ።

ከዳላስ

ሩቅ ብንሆንም አንድ ነገር ላካፍላችሁ። እዚህ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ ሞርጋንስ ወንደርላንድ የሚባል የመዝናኛ ፓርክ አለ። አንድ አባት ለአካል ጉዳተኛ ልጁ ብሎ አስገንብቶት በ2010 ተከፈተ። ዊልቸር ከነሰው የሚያወዛውዝ ዥዋዥዌ አለው፤ አካል ጉዳት ያለበት ሰው በነጻ ይገባል። በ2017 የተከፈተው የውኃ መጫወቻው ዘንድ ደግሞ የኤሌክትሪክ ዊልቸር መርጠብ ስለማይችል በታመቀ አየር የሚሄድ ዊልቸር ያውሱታል። ልጄ ውኃ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየሄደ ሲረጨኝ ዋለ። አሜሪካ ዘመድ ካላችሁ ለወደፊቱ አስቡበት።

ጠያቂ፦ የምሥራቅ ለንደን እናት

ለልጄ ሁሉንም አነበብኩለት። ኬብል መኪናውንና ቦውሊንጉን መርጧል፤ ለሁለቱም ቦታ ኢሜይል እየጻፈ ነው። የእህቴም ልጅ እሺ ብሏል። አንድ ብቻ፦ የለንደን ዝናብ አይታመንም፤ ዊልቸሩ ቢረጥብስ?

የክሮይደን እናት

ችግር የሚፈጥረው በእጁ ይዞ የሚነዳበት መንጃ ላይ ውኃ ሲገባ ነው። ለእሱ የተሠራ ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን ይሸጣል፤ እስኪመጣ ድረስ ግልጽ ከረጢት በላስቲክ አስሪበት፤ ላስቲኩ ላቴክስ አለመሆኑን ብቻ እዪ። ዊልቸሩን ጭምር የሚሸፍን የዝናብ ካባም አለ። ከዝናቡ ይልቅ ነፋሱን ተመልከቱ፤ ነፋስ ሲበረታ ኬብል መኪናው ይቆማል። ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ክፍት መሆኑን ይመልከቱ፤ ከተዘጋ በቀጥታ ወደ ቦውሊንጉ ይሂዱ።